የፍራሽ ሠሪዋ ትንፋሽ

ሐዘን አንዴ ደጁን ካወቀው መንገዱ የማይጠፋበት ቤት አለ። የእነዚህ ሁለት እህቶች ቤት እንደዚያ ነበር። ቤት ከተባለ! አባታቸው ፍራሽ ከሚሠሩበት ወርክሾፕ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መካከል ላይ ያለው በር ተዘጋም ተከፈተም የጥጡ ብናኝ ሾልኮ እየገባ አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የሻይ ብርጭቆው አፍ ላይ ሳይቀር ያርፋል። እናት ትንሿን ልጅ ወልዳ ሳትጠግባት ለዘላለም አሸለበች። ታላቂቱ ያኔ ራሷም ገና ልጅ ነበረች፤ ቢሆንም ሕፃኗን ጡጦ አጠባች፣ አዘለች፣ ፀጉሯን ጎነጎነች፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት አደረሰች። ትንሿ አፏን ስትፈታ "እማ" ብላ የጠራችው እሷን ነበር። አባት ይህን ሲሰሙ ወደ ጥጡ ክምር ዞረው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ታላቂቱ ይህን አየችና "እንደሱ አይባልም፣ እታለም በይኝ" ብላ አረመቻት። በዚያው እታለም ሆና ቀረች፤ ለእህቷ ብቻም አይደለም፣ ለሰፈሩ ሁሉ።

ትንሿን ደግሞ አባት "ሽክርክሪት" ይሏታል። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እየበላች ትነሳለች፣ እያጠናች ትንጎራደዳለች፣ ተኝታ እንኳ እግሯ ይሄዳል። "ይቺ ልጅ ፍሬኗን እናቷ ሆድ ውስጥ ረስታው ነው የመጣችው" እያሉ አባት ይስቁ ነበር። ሳቁ ግን እያደር በሳል መቋረጥ ጀመረ። ዕድሜ ልካቸውን አሮጌ ፍራሽ ሲፈቱ፣ ጥጥ ሲያፍታቱ፣ የሰው ሁሉ መኝታ ሲያመቻቹ የኖሩት ሰው እሳቸው ራሳቸው ጋደም ማለት አቃታቸው! ትራስ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ይለምናሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነገሩ አልፎበት ነበር። ቢሆንም አንድ ዝምተኛ ሰው ፊታቸው ላይ ማስክ አስሮ፣ ማሽኑን በትንፋሻቸው ልክ ሲያስተካክል፣ ያ የተጨነቀ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ ሽክርክሪት አየች። "ሐኪም ነህ?" አለችው። "የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ" አላት። አባት በማግስቱ ሞቱ። ልጂቱ ግን መንገዷን ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ትንሿ ልትማር ነው፤ ወርክሾፑን ማን ይያዘው? እታለም ያዘችው። ሻሽ በአፍንጫዋ ላይ አስራ የአባቷ የጥጥ ማፍታቻ ማሽን ፊት ቆመች። የፍራሽ ልብስ የሚሰፋላቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአባት ጊዜ ጀምሮ ዓይኑን ከእታለም ላይ የማይነቅል፣ እሷም ሲመጣ ሻሿን ፈትታ ፀጉሯን የምታስተካክልለት። "እንጋባና ከዚህ ብናኝ ላውጣሽ" አላት። "ትንሿ ትመረቅልኝ" አለችው። "እስከዚያ እኮ እናረጃለን" አላት። "አብረን እናረጃለና!" ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ዓመቱ ሳይዞር ሌላ ሴት አጨ። ከዚህ የከፋው ምን መሰላችሁ? የሠርጉን ፍራሽ የሙሽራዪቱ ዘመዶች ማን እንደሆነች ሳያውቁ እታለም ዘንድ አዘዙት! ሽክርክሪት "እምቢ በያቸው፣ እኔ ልንገራቸው፣ የት አሉ?" ብላ ከበር በር ስትራወጥ እታለም የጥጡን ጆንያ ፈታች። "ጀርባቸው ምን አጠፋ?" አለች። ደህና አድርጋ ሞላችው፣ ጥግ ጥጉን በእጇ ሰፋችው። ሥራዋን ስትጨርስ ሄዳ ፊቷን ታጠበች። ስትታጠብ ብዙ ቆየች...

ሽክርክሪት ትምህርቱን እንደ ነገሯ ሁሉ በሩጫ ያዘችው። ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን ታወጣለች። በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ በመለማመጃው የሰው አሻንጉሊት ላይ ስትሞክር እንደ አኮርዲዮን ታርገበግበዋለች። አስተማሪያቸው በሙያው ያረጁ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቹ "ጋሽ ቀስ" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ሌላ ቃል የለማ! "ቀስ፣ ልጄ። ሰውየው ሊተነፍስ ነው የመጣው፣ ጎማ ሊነፋ አይደለም" ይሏታል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም ትስቃለች፣ ግን እግሯ ከወንበሩ ሥር ይንቀጠቀጣል። ወዴት ነው የምትቸኩለው? እሷም አታውቀውም። አንዳች ነገር ከኋላዋ የሚያሳድዳት ይመስላታል። ታክሲ ስትጠብቅ ትቁነጠነጣለች፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን ትዘላለች፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ዓይኗ አስቀድሞ እታለምን ይፈልጋል።

የደረት ማዳመጫ የተሰጣቸው ሳምንት ጋሽ ቀስ እንዲህ አሉ። "የቤተሰባችሁን ደረት አዳምጡ። ጤነኛ ሳንባ ምን እንደሚል ጆሯችሁ ካላወቀ የታመመውን አይለይም። ሲያፏጭ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ የሚያፏጭ ሳንባ ቢያንስ አየር ያልፍበታል። አየር የማያልፍበት ጸጥ ያለ ሳንባ ስታገኙ ግን ያኔ ፍሩ።" ሽክርክሪት ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት በረረች። እታለም አልቀመስ አለች። ዛሬ "ይኮረኩረኛል"፣ ነገ "ላብ ላብ እላለሁ፣ ልታጠብ"፣ ሌላ ቀን "ሂጂና የጎረቤቱን ድመት አዳምጪ!" ትላለች። ቀልዷ እያሳቃት ሽክርክሪት ሌላውን ሳታይ ቀረች። እህቷ ጆንያ ለማንሳት ግድግዳ ስትደገፍ፣ ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ስትቆርጥ፣ በቃል ፈንታ ራሷን እየነቀነቀች መመለስ ስትጀምር... ዓይን የለመደውን መቼ ያያል?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ጣላት። ሽክርክሪት በጣቶቿ ጫፍ ተጠግታ ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አኖረችው። ከላይ ያፏጫል፤ ቀጭን፣ የሚያቃስት ፉጨት። ወደ ታች አወረደችው። ምንም የለም። ወደ ጎን ወሰደችው። ምንም! ማዳመጫው የተበላሸ መስሏት የራሷን ደረት አዳመጠች፤ የእሷ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ተመልሳ አኖረችው፤ ጸጥታ። በዚያች ቅጽበት አባቷ ትራስ ተደግፈው ሲተኙ እንደነበር፣ እህቷም አሁን ተደግፋ እንደተኛች አንድ ላይ ታያት። ወይ አምላኬ! በሰው አልጋ ሁሉ ዙሪያ እየዞሩ ሳንባ ሲያዳምጡ ከርሞ በገዛ ቤት ያለውን ሳይሰሙ መቅረት!

እታለም ዓይኗን ገለጠች። ለመደበቅ ጊዜው አልፏል።

"ሰማሽው?"

"መቼ ጀመረሽ?"

"ቆየ።"

"ሐኪም አየሽ?"

"አየኝ። ጥጡን ተዪው አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተውሽውም!" ሽክርክሪት ጮኸች፤ ግድግዳና ግድግዳ መካከል እንደ ታሰረ እንስሳ ተወራጨች። "ማን አድርጊልኝ አለሽ? እኔ ለምኜሻለሁ? ሰው ላድን ብዬ ነው የተማርኩት፣ አንቺን ልገድልበት ነው እንዴ? ነገውኑ አቋርጣለሁ! ነገውኑ!"

እታለም ትንፋሽ እስክታገኝ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "ካቋረጥሽማ... በከንቱ ነዋ የሳልኩት" አለች።

እህትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ ሽክርክሪት የማሽኑን ገመድ ነቅላ ጥጡን ከነጆንያው ሸጠችው፤ ለሁለቱ የሚሆነውን ከትምህርት ስትመለስ በአንድ ሱቅ እየሠራች ልታመጣ ቆረጠች። ክፍሏን ደጋግማ ወለወለች፣ መጋረጃውን አጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ብርድ ገባ ብላ ዘጋች፣ ታፈነች ብላ መልሳ ከፈተች። ለእታለም ከንፈርን ሰብስቦ በቀስታ መተንፈስን አስተማረቻት። "ሻማ እንደማጥፋት ሳይሆን ሻማውን እንደማወዛወዝ" ትላታለች። "አይ አንቺ! ለኔ ቀስታ ታስተምሪያለሽ፣ ለራስሽ ግን አልተማርሽም" ትላታለች እታለም። ጥቂት ደህና ሰሞን መጣ። ክፉ ዕጣ ግን አረፈ ሲሉት ነው የሚነሳው። ብርዱ ሲገባ ተራ ጉንፋን ያዛት፤ ለሌላው ሰው ሳምንት አልጋ ላይ የሚያውለው፣ ለእሷ ግን የመጨረሻውን አየር የሚሰርቅ ጉንፋን።

አምቡላንሱ እታለምን ያመጣት ሽክርክሪት ልምምድ ወደምትሠራበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሳል ይወድቃል። ሽክርክሪት የተማረችው ሁሉ ከጭንቅላቷ በነነ። ዘላ የኦክስጅኑን መክፈቻ እስከ መጨረሻው ልታዞረው ስትል አንድ የአሮጌ ሰው እጅ እጇን ያዘው።

"ቀስ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ቀስ።

"አየር አጥታ እያዩዋት! ይልቀቁኝ!"

"የሷ የሳንባ ሕመም የከረመ ነው። የተቃጠለው አየር ሳይወጣላት ኦክስጅን ብታበዢባት ታስተኚያታለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ደግሞ አትነቃም። ይህን ፈተና ላይ ጽፈሽው አስር አግኝተሻል። ፍቅርሽ ነው ያስረሳሽ።" እጇን ቀስ ብለው ከመክፈቻው ላይ አነሱት። "ዛሬ ባለሙያ አትሁኚ። ማስኩን እኔ አስራለሁ። አንቺ እህቷ ሁኚ።"

ጥቂት ቀናት ማስኩ ደግፎ አቆያት። ከዚያ ማሽኑ አየር እየገፋ፣ እሷ መቀበል እየተሳናት መጣ። ሐኪሟ፣ ፊቷ የደከመው ወጣት ሴት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተጠግታ ነገሩን ለእታለም ሳትሸፍን አስረዳቻት። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ አስገብተው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ እንዲተነፍስላት ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ሳንባዋ አልቋል፤ ቱቦው ከገባ የመውጣት ተስፋው የመነመነ ነው፣ መናገርም አትችልም። ካልፈለገች ደግሞ ጭንቀቱን በመድኃኒት ያቀሉላታል። ምርጫው የእሷ ነው። እታለም እህቷን አየች። ማስኩን በጣቷ ከፍ አደረገችው።

"ንገሪኝ... አንቺ ታውቂያለሽ። ይመልሰኛል?"

ይህን ጥያቄ ለጠላትም አይስጠው! ሽክርክሪት መዋሸት ትችል ነበር። "አዎ፣ ይመልስሻል" ብላ ለራሷ ጥቂት ሳምንት የሞቀ እጅ መግዛት ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ያሳደገቻት ሴት ዓይን ውስጥ ምንም ፍርሃት አልነበረም፤ እምነት ብቻ ነበር። እሱ ነው አንጀቷን የበጠሰው።

"አይመልስሽም፣ እታለሜ" አለች።

"እሺ..." እታለም እንደ መገላገል ተነፈሰች። "እንግዲያው ይቅር። ነይ... ቁጭ በይልኝ። አንድ ቀን እንኳ።"

ዕድሜዋን ሙሉ ያልተቀመጠችው ልጅ ተቀመጠች። ጠዋቱ እየገፋ ነበር፤ ነርሶቹ መጋረጃውን ሳቡላቸው፣ መድኃኒቱ ገባ፣ የእታለም ትከሻ መነሳት መውደቁን ተወ። እግሯ ሲሄድ፣ እጇ ሲቁነጠነጥ የኖረው ሽክርክሪት ድንጋይ ሆና የእህቷን መዳፍ ይዛለች። ጥጥ ሲያፍታታ የኖረ፣ ሻካራ፣ መርፌ የወጋው መዳፍ። እታለም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ "በልተሻል ዛሬ?" አለች። "በልቻለሁ" አለች ሽክርክሪት። ውሸት ነበር፤ ግን ይህቺኛዋ ውሸት ይቅር ትባላለች። ጥቂት ቆይቶ በአንድ ትንፋሽና በሌላው መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ ሄደ... ረዘመ... ቀጣዩም ሳይመጣ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ሽክርክሪት ወደ ትምህርቷ አልመለስ አለች። ክፍሏ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች፣ የማሽን ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። ጋሽ ቀስ ራሳቸው እያነከሱ መጡ፤ ምንም አልመከሯትም። ሻይ አፈሉላት፣ አብረዋት ጠጡ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ "ያንን 'አይመልስሽም' ያልሽውን ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንደዚያ ያለ ድፍረት አልነበረኝም" ብለው ወጡ። በሳምንቱ ሽክርክሪት ነጭ ልብሷን አጥባ ተኮሰች።

ተመረቀች። በምረቃው ቀን ሌሎቹ በዘመድ ሲከበቡ እሷ ብቻዋን አንድ ጥግ ቆማ አበባዋን ይዛ ቀረች። ሥራ በጀመረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አደጋ ደርሶበት ብዙ ቀን በማሽን የተነፈሰ ጎልማሳ፣ ቱቦው ሊወጣለት ደረሰ። አጠገቡ ተቀመጠች። ሳትቸኩል አክታውን መጠጠች፣ ደረቱን ግራ ቀኝ አዳመጠች፣ "አሁን በኃይል ሳል" አለችውና ቱቦውን በአንድ ረጋ ያለ እጅ ሳበችው። ሰውየው ሳለ፣ አነቀው፣ እንደገና ሳለ፣ ከዚያም የመጀመሪያ ቃሉን በተሰነጠቀ ድምፅ አወጣ። "ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ! ጉሮሮዬን እኮ ላጥሽው!" ነርሶቹ ሳቁ። ሽክርክሪትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ እንባ ዞረባት፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥታም ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

የሰው ልጅ ዕጣ እንዴት ያለ ነገር ነው! አንዱ ሳንባ እየነደደ ለሌላው ብርሃን ይሆናል። ሾፌሩ ድኖ ወደ ልጆቹ ተመለሰ፤ ከእሱም በኋላ ስንቶች ከዚያ ክፍል በእግራቸው ወጡ። አንዳቸውም ግን በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ጥጥ ስታፍታታ ሳንባዋን የጨረሰችውን ሴት አያውቋትም። ትንፋሽ ለሌላ አይሰጥም የሚል ሰው ካለ፣ እነሱ በየቤታቸው፣ በየልጆቻቸው መካከል ቁጭ ብለው ይተነፍሳሉና ሄዶ ይያቸው።