የረውዳ ሙዝ

«ልጣጩን» አሉ ኮች አስመላሽ፣ የፕላስቲክ ሳፋቸውን ወደ ሳምራ እየዘረጉ።

ሳምራ የሙዝ ልጣጭ ሳፋው ውስጥ ጣል አድርጋ ስሟን አስመዘገበች። ልጣጩ የሷ ነው። ሙዙን የበላችው ግን እሷ አይደለችም።

ኮች አስመላሽ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ዓምና በዓመቱ መጨረሻ ውድድር ላይ ሊካሳ የሚባለው ልጅ ቁርስ ሳይበላ ገብቶ መሃል ገንዳ ላይ ራሱን ሳተ፤ ኮች ከነጫማቸው፣ ከነሞባይላቸው ዘለው ነበር ያወጡት። ከዚያ ወዲህ የጠብታ ዋና ክለብ ልጅ በባዶ ሆዱ ውሃ አይነካም። በውድድር ቀን ኮች ከካዛንቺስ ሙዝ ገዝተው መጥተው መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ይቆማሉ። ያልበላ አይመዘገብም፤ ለመብላቱም ምስክሩ ልጣጩ ነው።

ችግሩ ዘንድሮ ፍልሰታና ረመዳን ነሐሴ ላይ መግጠማቸው ነው። ረውዳ ጾመኛ ናት። ሳምራም ጾመኛ ናት፤ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል በአፏ አይዞርም፤ እናቷም ይህንኑ ለቂርቆስ ሰፈር ሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ለኮች ግን ሁለቱም ሌላ ነገር ነግረዋቸዋል። ሳምራ «እማዬ እንዳልጾም ከለከለችኝ» አለች። ረውዳ ደግሞ «ዛሬ አልጾምም» ብቻ ብላ አቀረቀረች። ሴት ልጅ በረመዳን መሃል እንዲህ ስትል ምክንያቱን የሚጠይቅ ወንድ የለም፤ ኮችም ጉሮሯቸውን ጠርገው ሙዙን ሰጧት።

መልበሻ ክፍል ሲገቡ ረውዳ ሙዟን ወደ ሳምራ ዘረጋች። «በናትሽ ብዪልኝ።»

«እኔ ራሴ የሚበላልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው» አለች ሳምራ።

ሙዝ ሙዛቸውን እንደያዙ ተያዩና ሳቃቸው መጣ። ያዳነቻቸው አያንቱ ናት። አያንቱ ጴንጤ ስለሆነች ጾም የለባትም፤ የራሷን ሙዝ በላች፣ በሳምራ ደገመች፣ በረውዳ ሠለሰች። «ለቡድኑ ስል ነው እንጂ» አለች በመጨረሻ አግስታ።

የሴቶቹን የቅብብል ማጣሪያ በአንደኝነት አለፉ። የቡድኑ አራተኛ ወርቄ ጀመረች፣ አያንቱ ሦስት ሙዟን ተሸክማ ተቀበለች፣ ሳምራ ቀጠለች፣ ረውዳ ጨረሰች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋንጫውን ሲወስዱባቸው የኖሩት የለገሃር ልጆች አንድ ክንድ ወደ ኋላ ቀሩ። የጠብታ ልጆች በዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ ጮሁ። ሳምራም ልትጮህ አፏን ከፍታ ረውዳን አየችና ዘጋችው። ረውዳ ከገንዳው ልትወጣ ወደ መሰላሉ እጇን ሰደደች፤ ሳተችው። ደግማ ሰደደች፤ አሁንም ሳተችው። መሰላሉ ግን ፊቷ ነበር።

ሳምራ ክንዷን ይዛ ጎትታ አወጣቻት። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ክሎሪኑ ዓይኔ ገብቶ ነው።»

ሻወር ቤት ሲገቡ ግን ረውዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳምራ አጠገቧ ተንበርክካ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እሺ፣ ሌሊት ሱሁር ልበላ አልተነሳሁም» አለች ረውዳ። «እንቅልፍ ጥሎኝ። ከትላንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ማለቴ... አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረን፣ በቃ። ሃምሳ ሜትር እኮ ነው።»

«ለኮች እንንገራቸው።»

«ከዚያስ? ተጠባባቂዋን ቡዜን ሊያስገቡ? ሳምሪ፣ ይሄ እኮ የመጨረሻ ዓመታችን ነው፤ ለከርሞ ከታዳጊ ምድብ እንወጣለን። ላሽ በይው። ከነገርሻቸው አላናግርሽም።»

«ብታፈጥሪስ?»

«አንቺ ትገድፊያለሽ?»

ረውዳ ለማፍጠር የምትሆን ልጅ አይደለችም፤ በየልምምዱ ውሃ እንዳትውጥ አፏን ገጥማ ስትዋኝ ነው የሰነበተችው።

የሳምራ ልብ ሁለት ሆነ። የረውዳን ኩርፊያ ታውቀዋለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። ዋንጫውንም ትፈልገዋለች፣ በጣም ትፈልገዋለች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚመጣባት ግን ያ መሰላሉን የሳተ እጅ ነው። ፊቱ ያለውን መሰላል ያጣ እጅ መሃል ገንዳ ላይ ምን ሊይዝ ነው? ፈራች። ተነስታ ወደ ኮች አስመላሽ ሄደች።

«ኮች፣ ረውዳ አትዋኝ።»

«ለምን?»

«አልበላችም። ጾመኛ ናት፤ ሱሁርም አምልጧታል። ስትወጣ መሰላሉ ጠፍቶባት ነበር።»

ኮች ወደ ሳፋው አዩ። «ያስረከበችኝ ልጣጭስ?»

«አያንቱ ናት የበላችላት።»

ኮች ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ሳምራን አተኩረው ተመለከቷት። «አንቺስ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። ያለችው ተጠባባቂ ቡዜ ብቻ ናት፤ ሳምራም ከወጣች ቡድኑ ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ከፍጻሜው ይሰረዛል። «በልቻለሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። የጓደኛዋን አውጥታ የራሷን መደበቅ ግን አስጠላት።

«እኔም አልበላሁም» አለች።

ይቆጣኛል ብላ የጠበቀችው ፊት አልተቆጣም፤ የደከመው ነበር የሚመስለው። «ግደፊ አልልሽም» አሉ ኮች። «እሱ ያንቺና የፈጣሪሽ ጉዳይ ነው። በባዶ ሆድሽ ግን አላስገባሽም። ለረውዳ እኔ እነግራታለሁ።»

«አይ ኮች፣ እኔ ነኝ የምነግራት።»

ፍጻሜው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ሩቅ ነው። ሳምራ ከተረፈው ሙዝ አንዱን አንስታ ላጠች። እናቷ ትዝ አለቻት። እንባዋ እየወረደ ሙዙን ጨረሰችው።

ረውዳን የክለቡን ሰማያዊ ቆብ ስታጠልቅ አገኘቻት። «ነገርኳቸው» አለቻት።

ረውዳ ቆቡን አወለቀች። አጠገቧ የተቀመጠችው ቡዜ ጭን ላይ አስቀምጣላት ወጣች።

ቡዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ነበረች፤ የዋናተኞቹን ጉትቻና ሰዓት ከመያዝ በቀር በውድድር ቀን ሥራ ኖሯት አያውቅም። ገንዳው ዳር ቆማ ከቱታዋ ኪስ የሰውን ጉትቻ ሁሉ አወጣች። «አሁን ይሄን ማን ይይዝልኛል?»

«አምጪ» አለች ረውዳ፣ ሳምራን ሳታይ። «ስትዞሪ ጭንቅላትሽን አታንሺ። ግድግዳውን በደንብ ግፊው፣ እሺ?»

ሳምራ አንደኛ ሆና ደረሰች፤ ቡዜ ዘለለች። የለገሃሯ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ አለፈቻት። ሌላዋም ልትደርስባት ስትል ከገንዳው ጫፍ «ግፊ፣ ቡዜ፣ ግፊ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ረውዳ ናት፣ በደረቀ ጉሮሮዋ የሌሎቹን ጉትቻ ጨብጣ የምትጮኸው። ቡዜ ግድግዳውን ሁለተኛ ሆና ነካች።

ዋንጫው እንደ ልማዱ ወደ ለገሃር ሄደ። የጠብታ ልጆች ግን ቡዜን ተሸክመው ሲጨፍሩ ላያቸው የተሸነፉ አይመስሉም ነበር። ቡዜ የብር ሜዳሊያዋን ደጋግማ እየነከሰች እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠች።

ኮች ኡራኤል ጋ ሽሮ ሊጋብዟቸው ሁሉንም ይዘው ወጡ። ረውዳ ከጣራው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ቀረች። ሳምራ ከበሩ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሂጂ ብዪ» አለች ረውዳ።

«አልራበኝም።»

«ዛሬ ውሸት አልበዛም?»

«እሺ፣ ርቦኛል። ግን አልሄድም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁለቱም ባዶውን ገንዳ ያያሉ።

«አሁን የማልሰድብሽ ጾመኛ ስለሆንኩ ነው» አለች ረውዳ ቆይታ። «ላፍጥርና ግን የማልልሽ የለም።»

«ስንት ሰዓት ነው የምታፈጥሩት?»

«አስራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ።»

ሳምራ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«እጠብቃለሁ» አለች።