በራሱ ሰም የሰመጠው ሻማ

በሟቿ ራስጌ የተለኮሰው ሻማ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ፣ ክፍሉን ከሞሉት ጎረቤቶች ግማሾቹ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። የቀሩት ሴቶች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እጅ ለእጅ ተያያዙ።

«ገዳዬ እዚሁ ነው እያለች ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ማንም አልተቆጣትም። ሁሉም ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠችው የሟቿ ምራት ዞር ብለው አዩ።

ሟቿ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ፈትል» የሚላት ሻማ ሠሪ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ ለየሰሙ የሚስማማውን ክር ስትመርጥ ኖራለች፤ አመራረጧን የተቸ ደንበኛ ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከመኖሪያዋ ሥር ባለው የሥራ ክፍል ወለል ላይ ወድቃ ተገኘች። አጠገቧ በርጩማ ተገልብጧል፤ ከበላይዋ የጠረጴዛው ሹል ጥግ አለ። ጎረቤቶች አንስተው እዚያው አግዳሚ ላይ አስተኟት፤ አንዷም ከቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገና የረጋ ሻማ መዝዛ ለኮሰችላት። ሐኪሙ መጥቶ ቁስሉን እስኪያይ ድረስ ሁሉም ሰው አደጋ መስሎት ነበር። ሹል ነገር እንዲህ ያለ ሰፊና ጠፍጣፋ ጉዳት አያደርስም አለ፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ያወራ የለም።

መርማሪዋ ሰባት ተኩል ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቆጥቋጣዋ» ይሏታል፤ የምትሰስተው ገንዘብ ሳይሆን ቃል ነው። ቀድሟት የመጣው ሳጅን በዚህ በኩል ቸር ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት በሩ ላይ። «ምራትየዋ ናት። ባሏ፣ የሟች ልጅ ማለቴ ነው፣ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ከዚህ ወጥታ የራሷን የሻማ ሥራ ልትጀምር ብትል አሮጊቷ አሻፈረኝ አሉ። ዛሬ ጧት ‹በቁሜ ከዚህ ቤት አትወጪም!› ብለው ሲጮሁ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ግቢ ውስጥ የነበረችውም እሷ ብቻ ናት። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይዣት ልሂድ።»

«ለምን ዐሥር ሰዓት?»

«ልጇ ከትምህርት ቤት የምትወጣው ያኔ ነው። ሕፃኗ እያየች ባይሆን ይሻላል ብዬ ነው።»

መርማሪዋ አልፋው ገባች። ሻማውን ራሷ ለኮሰችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ነበልባሉ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ምስር አከለ። ሥሩ የቀለጠው ቢጫ ሰም እየሞላ ወጣና ክሩን ዋጠው፤ እሳቱም ትንሽ ተንጣጥቶ ጠፋ። ጎንበስ ብላ ጭሱን አሸተተች። የማር ሽታ ነበር የጠበቀችው፤ አፍንጫዋን የመታት ግን የሞራ ሽታ ነው። ሻማውን ሰበረችው። ክሩ ከልብስ መስፊያ ክር እምብዛም አይወፍርም።

ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። ምድጃው ላይ ውኃ የያዘ ትልቅ ድስት፣ በውስጡ ደግሞ ሌላ ትንሽ ድስት ተቀምጧል፤ በትንሹ ድስት ሥር የቀረችው ሰም ጥርት ያለች ናት፣ አላረረችም። ጠረጴዛው ላይ ቅርጽ ማውጫዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በግራ ያሉት ስድስቱ በቢጫ ሰም ተሞልተዋል፤ ጎረቤቷ የመዘዘችው ብቻ ባዶ ነው። በቀኝ ያሉት ስድስቱ ወፍራም ክር ተወጥሮባቸው ባዶአቸውን ናቸው። መደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ጠፍጣፋ የሰም ግግሮች አሉ።

መርማሪዋ ሁሉንም ካስወጣች በኋላ ምራትን አስጠራች።

«ገድለሻቸዋል?»

«አልገደልኩም።» አለች ምራት። «ይወስዱኛል አይደል? ልጄን ማን ይቀበልልኛል? እናት የለኝ፣ አባት የለኝ። ለሷም ለኔም የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

«ክሮቹን የወጠረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የግራዎቹ ለፓራፊን፣ ለነጩ የፋብሪካ ሰም ናቸው፤ ፓራፊን ቶሎ ስለሚቀልጥ ቀጭን ክር ይበቃዋል። የቀኞቹ ለንብ ሰም። የንብ ሰም ከባድ ነው፤ ወፍራም ክር ካላገኘ እሳቱ አቅም ያንሰውና ራሱ ባቀለጠው ሰም ይሰምጣል። ሁለት ሰዓት ላይ አዘጋጅቼ፣ ውኃውን ጥጄላቸው፣ ልብስ ላጥብ ጓሮ ገባሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።»

«እስቲ የግራዎቹን እያቸው።»

ምራት ጠጋ ብላ አየች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ግንባሯ ኮስተር አለ። «እንዴ! ይሄ እኮ የንብ ሰም ነው። ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

መርማሪዋ ይቺን ንዴት ልብ አለቻት። «አሮጊቷ ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ከኔ ጋር። እሱን ነግረውዎታል። ሌላው ጠባቸው ከሰሙ ጋር ነው። ‹ይሄ ሻማ ሲጠፋ ሞራ ሞራ ይላል› እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሸቱ ሰነበቱ።»

«ሰም የምታጠልሉት በምንድን ነው?»

«በወንፊት። ጨርቅ ሰም ይጠጣል ብለው እትዬ አይወዱም።»

ቀጥሎ የገባው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሱቅ የእህቱን ሻማ ይሸጣል፤ ሬሳዋን ያገኘውም እሱ ነው። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ምን ያስጠይቃል? እሷ ናት! በልጇ ቦታ አድርጋ የያዘቻትን እህቴን!»

«ጋሼ፣ ሰም አቅልጠው ያውቃሉ?»

«ምን ማወቅ ይፈልጋል? ድስት እሳት ላይ ጥዶ ሰሙን ጣል ማድረግ ነው። አንዴ ብሞክር ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ሰሙም ሬንጅ ሆኖ ቀረ። እህቴ ከዚያ ወዲህ ይቺን ደፍ አላሳለፈችኝም። ‹አንተ ሽጥ፣ እኔ ልሥራ› ነበር የምትለኝ።» ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፍሮበት ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። እውነተኛ ሐዘን ግን ሰውን ከስህተት አያድነውም፣ ያን ቀን ሲያሳስተው ነው የዋለው።

መጨረሻ ላይ ወሬውን ሰምቶ ለልቅሶ የመጣው ሰም ነጋዴ ገባ። ሰፋ ባለ መሐረብ ዐይኑን እየጠረገ ተቀመጠ። ከእርሻ መንደሮች የንብ ሰም እየሰበሰበ፣ እያቀለጠና እያጠራ ለከተማው ሻማ ሠሪዎች ያከፋፍላል።

«ሁለት ተኩል ላይ ሰም አምጥቼላት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ» አለ። «በሩ ድረስ ሸኝታኛለች፣ ነፍሷን ይማር።»

«ስንት አመጡላቸው?»

«ሁለት። ያውና መደርደሪያው ላይ ነው።»

«ጨርቁም የርስዎ ነው?»

«የኔው ነው። እያንዳንዱን ለብቻ በንጹሕ ጨርቅ ነው የምጠቀልለው። ሰም አቧራ አይወድም።»

«እርስዎ ሻማ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ሥራዬ ሰም ነው፤ ሻማው የነሱ ነው» አለ በኩራት ዓይነት።

መርማሪዋ ሳጅኑን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሳጅኑ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የብጥስጣሽ ጨርቅ ሣጥን መሬት ላይ ገለበጠ። የሻማ ሠሪ ቤት ሰም የጠጣ ጨርቅ አይጠፋበትም፤ ብዙ ፈለገ። ቀና ሲል ግን አንድ ነገር በእጁ ይዞ ነበር፤ ስለ ዐሥር ሰዓትም ዳግመኛ አላነሳም።

ዘጠኝ ከሩብ ሲሆን ምራት፣ ወንድምየውና ሰም ነጋዴው ሥራ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሟቿ አግዳሚው ላይ እንደተሸፈነች ነበረች፤ መርማሪዋ ሆን ብላ አላስነሳቻትም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የክር ጥቅሎች አሉ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ» አለች። «የንብ ሰም ሻማ ልትሠሩ ነው እንበል። ክሩን ምረጡልኝ።»

ምራት ሳታስብ ወፍራሙን አነሳች። ወንድምየው ትከሻውን ነቀነቀ፤ «እኔ ምን አውቄ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ሰም ነጋዴው እጁን ወደ ቀጭኑ ዘረጋ።

«ጥሩ ሰም በቀጭኑም ይነዳል» አለ።

«አይነድም» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ አራቴ ጠፍቷል።»

በአንድ ቀን ተናግራው የማታውቀውን ያህል ቃል ልታወጣ ነው።

«እትዬ ፈትል የንብ ሰምን በቀጭን ክር ላይ አታፈስም። አርባ ዓመት አላደረገችውም፤ ዛሬም አላደረገችውም። ስለዚህ ሰሙ የተፈሰሰው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ሰው ገድሎ ቁጭ ብሎ ሻማ የሚሠራ ማነው? መጥፋት ያለበት ሰም ያለው ሰው ነው። አሮጊቷ የተመታችው በከባድ፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። በሰም ግግር ነው የተመታችው። ደም ይጠረጋል፤ ሰሙ ውስጥ የገባ የራስ ቅርጽና የተሰነቀረ ፀጉር ግን አይጠረግም። ማቅለጥ ሁሉንም ያጠፋል።»

«እሱንም ያደረገችው እሷ ትሆናለች!» አለ ወንድምየው።

«ክሩን የወጠረችው እሷ ናት። ለንብ ሰም የተዘጋጁት ስድስቱ እዚህ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ባዶአቸውን ቆመዋል። እዚያ ብታፈሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እያወቀች ሻማው ጠፍቶ እንዲጮህባት የምታደርግበት ምክንያት የለም። እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ ሰሙን እሳት ላይ ጥለው ሬንጅ ያደርጉት ነበር። ይሄኛው በውኃ ላይ፣ በትዕግሥት ነው የቀለጠው። ይህን ያደረገው ሰው ሰምን አሳምሮ ያውቃል፤ ክር ግን መርጦ አያውቅም።»

ሰም ነጋዴው መሐረቡን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይሄ ግምት ነው።»

«እስካሁን ግምት ነበር።» ሳጅኑ በሰም የደረቀ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መደርደሪያው ላይ ካሉት ከሁለቱ ጋር አንድ ነው። መሐሉ በደረቀ ደም ጠቁሯል፤ ከጥቁረቱ ውስጥ ሦስት ረጃጅም ሽበቶች ይታያሉ። «ሁለት ሰም አመጣሁ አሉኝ፤ ጨርቆቹ ግን ሦስት ናቸው። እዚህ ቤት ሰም በወንፊት ነው የሚጠለለው። እጅዎ የለመደውን አደረገ፤ ሰው ገድለው እንኳ ሰሙን በጨርቅ ሳያጠልሉ ማፍሰስ አልቻሉም። ሰሙ ውስጥ ሞራ እንደሚቀላቅሉ ደርሳበት ነበር። አይደለም?»

ምራት አፏን ያዘች። ሰውየው ጨርቁን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ሲናገር ድምፁ የተለመደው የገበያ ድምፅ ነበር፤ ይህ ነው ሁሉንም ያስፈራቸው።

«ዛሬውኑ ለሻማ ሠሪዎቹ ሁሉ እነግራለሁ አለችኝ። ሃያ ዓመት የገነባሁትን ስም በአንድ ከሰዓት! ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። እንደ ዕቃ ቆጠረችኝ። ሦስተኛው ሰም እጄ ላይ ነበር።» ወደ ምራት ዞረ። «አንቺ ጓሮ ሆነሽ እየዘፈንሽ ነበር። ስትጨርሺ ትመጫለሽ ብዬ፣ ሰሙ እስኪቀልጥ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

ምራት በዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አማቷ እዚህ ስትሞት እሷ ጓሮ መዝፈኗ ከክሱ ሁሉ በልጦ አንጀቷን በላው። ሳጅኑ ካቴናውን ለሷ ብሎ አዘጋጅቶት ነበርና ሰም ነጋዴው እጅ ላይ ሲያስገባው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ሰውየውን ይዘውት ሲወጡ ወንድምየው ከምራት ጋር መሐል ወለሉ ላይ ቀረ። ሰዓቱን አየ፤ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ነው።

«ልጄ፣ ተቆጥቼ ነው» አላት። «አንቺ አረፍ በይ። ሕፃኗን እኔ እቀበላታለሁ።»

ምራት ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። ፊቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከጧት ጀምሮ ማንንም እንዲህ አላየችም።

«እኔን ሲያስወስዱኝ ለሷ ምን ሊሏት ነበር?» አለችው።

ወንድምየው ሰዓቱን ደግሞ አየ። አንድ ቃል እንኳ ቢያወጣ ኖሮ ምናልባት ትምረው ነበር።

«እርስዎ አይቀበሏትም» አለች ምራት። «ስለ አያቷም የምነግራት እኔ ነኝ።»

እጇን ታጥባ፣ ጫማዋን ቀይራ ወጣች። ደጁን የሞሉት ጎረቤቶች መንገድ ከፈቱላት፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም፣ እሷም አልፋቸው ሄደች።