አንድ ስንዝር ወደ ኋላ

ሐምሌ ስምንት ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከአሰላ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ወንዝ ሞልቶ ያገዳቸው ነጋዴዎች አንድ የጭነት መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሞ አገኙ። ሹፌሩ ዲሪባ መስኮቱን ዘግቶ፣ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ ቀልቷል፤ ገና ከእሳት ዳር የተነሣ ሰው ይመስላል። ቢጠሩት አልሰማም፤ ሞቷል።

የፖሊስ መቶ አለቃ ይርሳው ከአሰላ ሲደርስ ዝናቡ አባርቷል። ሰዉ ግን ከመኪናው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል።

«ገብረወልድ ነው የወሰደው» አሉ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንበሩን አልለቅም ብሎ ነው።»

ይርሳው ወደ መኪናው ቀረበ። በታኅሣሥ ወር እዚሁ መኪና ውስጥ፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ገብረወልድ የሚባለው ሹፌር እንዲሁ ፊቱ ቀልቶ ሞቶ ተገኝቷል። መዝገቡን «ድንገተኛ የልብ ሕመም» ብሎ የዘጋው ራሱ ይርሳው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ፊት አልለቀቀውም። በጸሎት መካከል ይመጣበታል፤ ምሳ ሲቀርብ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ጮሌ ላይ ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ባልና ሚስት ሞተው ሲገኙ የሁለቱም ፊት እንደዚያው ቀልቶ አየ። መዝገቡን ላውጣው፣ አላውጣው ሲል ሳምንታት አለፉ። አሁን የዲሪባም ተጨምሮ የሚከተሉት ፊቶች ሁለት ሆኑ።

አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ይርሳው አጭር ሰው ነው፤ የሹፌሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። የጋቢናው ጀርባ ተቆርጦ ወንበሩ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተገፍቷል። ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። እጁን ከቆዳው ሥር ሲሰድ ጣቶቹን ቀዝቃዛ አየር ነካቸው። ቆዳውን ገለጠው። መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ መክደኛው ላሜራ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ዞሯል።

ከሰዓት በኋላ አሰላ፣ ወደ ከዲሮ ጋራዥ ሄደ። ከዲሮ የከተማው መካኒክ ነው።

«ወንበሩን ወደ ኋላ የገፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። በኅዳር ዲሪባ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ ብሎ ለመነኝ። ጀርባውን ቆርጬ አንድ ስንዝር ሰጠሁት።»

«ቀዳዳውንስ?»

ከዲሮ አቀረቀረ። «ያን ጊዜ በጨርቅ ነው የደፈንኩት። ማርሚታው፣ የጭሱ ቱቦ፣ ልክ ከሥሩ ያልፋል፤ መጋጠሚያው ያፈሳል። ገብረወልድ ሲሞት ወንበሩን ባነሣው ጨርቁ ወድቋል። ሁሉም ገባኝ። በወፍራም ላሜራ፣ በአራት ብሎን ዘጋሁት። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። ወላሂ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውነቴ የእኔ አይደለም።»

«አሁን ተከፍቶ አገኘሁት።»

«እኔ አልከፈትኩትም! ትናንት መኪናው እዚህ ነበር፤ ለጁምዓ መስጊድ ስሄድ አራቱም ብሎኖች በቦታቸው ነበሩ። ስመለስ ወንበር ሰፊዋ የውብዳር ቆዳውን አልብሳ ጨርሳለች።»

የመኪናው ባለቤት አቶ ሀብተ ማርያም እህል ነጋዴ ናቸው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዴራ መዋላቸውን ሰው መሰከረላቸው።

«ዲሪባ በዚህ መኪና ቅሬታ ነበረው?» አላቸው ይርሳው።

«ወንበሩ በተሠራ በሳምንቱ ራሴን እያመመኝ ነው፣ ከገብረወልድ ጋር ያቀያይሩን አለኝ። ገብረወልድም ቁመቱ ያው ነበር። ሲቀመጥበት እግሬ ገና ዛሬ አገር አገኘ ብሎ ሳቀ። በአሥረኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ማንም አልነዳም ሲል ዲሪባ ራሱ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለኝ።»

የገብረወልድ ሚስት የነበረችው የውብዳር ከጋራዡ ጀርባ ትኖራለች። የመኪና ወንበርና ሸራ ትሰፋለች። ይርሳው ሲገባ የስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ከዲሪባ ጋር ከፍልሰታ በኋላ ልንጋባ ነበር» አለችው።

«ባለፈው እሑድ ከዚህ ቤት እያለቀሰ ሲወጣ ጎረቤት አይቶታል።»

«ባሌን አስታውሶ ነው። ጓደኛው ነበር።»

የስፌት መኪናው መሳቢያ ገርበብ ብሏል። ከመርፌዎቹ መካከል ጣት የማታህል ቀጭን ካቻቢቴ ታየችው።  ፈቃድ ጠይቆ ካቻቢቴዋን ወሰደ።

እሑድ፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሦስቱን ጋራዡ ውስጥ መኪናው አጠገብ ሰበሰባቸው።

«መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር» አለ ይርሳው። «ገብረወልድ በልብ ሕመም አልሞተም። ያፈነው ጭስ ነው። እሱን የገደለው ሰው የለም፤ የወደቀ ጨርቅ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ጠርጥሬ ዝም አልኩ። ዲሪባንም የገደለው ያው ጭስ ነው። ወንዙ ሲሞላ ሹፌር መስኮት ዘግቶ፣ ለሙቀት ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ይህን ግን ሰው ነው ያዘጋጀለት።»

«መንገዱ አራግፎት ቢሆንስ?» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

«መንገድ ቢፈታቸው ሦስቱ ብሎኖች ቆዳው ሥር ወድቀው ይገኙ ነበር። ዳበስኩ፤ አቧራ ብቻ ነው። በቀረው ብሎን ራስ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጭረት አለ። ሰፊው ዝጓል፤ የከዲሮ ነው። ቀጭኑ ገና ያብለጨልጫል። እዚህ ጋራዥ ያሉትን ካቻቢቴዎች ሁሉ ሞከርኩ፤ በቀጭኑ የሚገባ የለም።» ትንሿን ካቻቢቴ ከኪሱ አወጣ። «ይህቺ ትገባለች። ላሜራው የተከፈተው ወንበሩ ቆዳውን ከመልበሱ በፊት ነው። ከዲሮ መስጊድ ነበር። እርስዎ ዴራ ነበሩ።»

ከዲሮ «ያ ረቢ!» ብሎ ከሴትየዋ ራቅ አለ።

«ወይዘሮ የውብዳር፣ ዲሪባ ራሱን ያመመው ጭሱ መሆኑን ያውቅ ነበር» አላት ይርሳው። «እያወቀ ዝም ብሎ ለባልዎ ሰጠው። እሑድ የነገረዎት ይህንን ነው?»

የውብዳር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። 

«እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። ወንበሩ ጠቦኝ አስቆርጬ፣ መልሼ ጭሱ ገባ ብል ሰው ይስቅብኛል፣ መኪናውም ይወሰድብኛል ብዬ ፈራሁ አለኝ። መስኮት ከፍቶ ይነዳዋል ብዬ ነበር አለ። አሁን ግን አትፍሪ፣ ከዲሮ በላሜራ ዘግቶታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለኝ። ከዚያ ይቅር በይኝ አለ።» ዓይኗን ወንበሩ ላይ ተከለች። «ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ዓርብ ቆዳውን ሳለብስ ግን ያ ላሜራ ፊቴ ተደቀነ። ገብረወልድ ሲስቅ ሰማሁት። ባይነግረኝ ኖሮ አገባው ነበር፤ እወደው ነበር። ምን አስቦ ነው የነገረኝ?»

 ከዲሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

ከይርሳው ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዷን ሲይዛት አልታገለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመችና ወደ አቶ ሀብተ ማርያም ዞረች።

«የሬሳ ሣጥኑን በልኩ ያሠሩለት፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ገብረወልድን ሣጥኑ አጥሮ እግሩን አጥፈው ነው የቀበሩት።»