በቀኜ የቆመው ልጅ

መጀመሪያ የተገናኘነው በጭንቅላት ነው።

እኔ በጀርባዬ እየዋኘሁ፣ እሱ አዲስ ስለነበር መስመሩን ተሳስቶ ሲመጣ... ጓ! ሁለታችንም ጭንቅላታችንን ይዘን ቆምን።

«ይቅርታ! ተጎዳሽ እንዴ? ሰላምታችን ጠንከር አለ!»

ሳቁ ደስ ይላል። እኔ ግን መነጽሬን አወረድኩና ወደ ውሃው ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስመር ይለማመድ ጀመር። ሁለታችንም የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እሱ የሚዋኘው ለደስታው ነው። እኔ ግን አንድ ሕልም ብቻ ነበረኝ። በፍጻሜው ውድድር የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ለቡድኗ ዋናተኛ ልትመርጥ ትመጣለች።

አንድ ቀን ገንዳው ጠርዝ ላይ ጠበቀኝ።

«ስንዋኝ፣ ወደዚያ ስንሄድ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ። ስንመለስ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታዪኛለሽ። የቱን ልመን?»

ደነገጥኩ። መልሱ ቀላል ነበር... ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ፎጣዬን ይዤ ሮጥኩ።

በማግስቱ ሰላምታውን ነሳኝ።

ነገሩን ያፈረጠው አሰልጣኛችን ነው። ፊሽካ ከአፉ ስለማይለይ «ጋሽ ፊሽካ» እንለዋለን። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸብኝ።

«አንቺ ልጅ! ዛሬም በግራሽ ብቻ ነው የምትተነፍሺው? አምና በፍጻሜው ያቺ ረጅሟ ልጅ በቀኝሽ ስታልፍሽ አላየሻትም! ዘንድሮም ልትሸኚያት ነው?»

ልጁ መዋኘቱን አቆመ።

«በቀኝሽ መተንፈስ አትችይም?»

«ውሃ እጠጣለሁ» አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። «አባቴ ዋና ሲያስተምረኝ በግራዬ ይቆም ነበር። ቀና ስል እሱን አያለሁ። እንደዚያው ቀረሁ።»

«እና... ጠልተሽኝ አይደለም?»

«አይደለም።» ጆሮዬ ጋለ።

ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር! በይ ነይ፣ በቀኝሽ እቆማለሁ።»

ከልምምድ በኋላ ጥልቀት በሌለው በኩል ከጎኔ ይራመዳል። ወደ እሱ ስዞር ውሃ እጠጣለሁ፤ ያስለኛል።

«ገንዳውን ልትጨርሺው ነው! ለእኛም አስተርፊልን!»

እየሳቅኩ እንደገና እገባለሁ። ቀስ በቀስ፣ ስዞር ውሃውን ሳይሆን ፊቱን ማግኘት ጀመርኩ።

ፍጻሜው ደረሰ። የመጨረሻውን ርቀት ስመለስ ግራዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ወደ ቀኜ ዞርኩ... ረጅሟ ልጅ፣ ትከሻ ለትከሻ! ይኸውልሽ፣ ዘንድሮ አየሁሽ! ያለኝን ጉልበት ሁሉ እግሬ ላይ ጣልኩት።

ግድግዳውን ስነካ ጋሽ ፊሽካ ፊሽካውን ጥሎ ይጮህ ነበር። አንደኛ!

የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «አምና አይቼሽ ነበር። በቀኝሽ መተንፈስ ማን አስተማረሽ?»

እኔ፣ ድምፄ የማይሰማው ልጅ፣ ልጁን እየጠቆምኩ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮህኩ።

«እሱ!»

ሳቀች። «ትምህርት ሲከፈት ቡድኔ ውስጥ እጠብቅሻለሁ።»

ከውሃው ስወጣ ፎጣ ዘርግቶ ቆሟል። ፎጣውን ትቼ በቀኜ እጁን ያዝኩት። አባቴ ከመቀመጫው ወርዶ መጣ። የተያያዘ እጃችንን አየ። እኔ ግን የልጁን እጅ አልለቀቅኩም።

ከዚያ አባቴ ዞሮ መጣና በግራዬ ቆመ።

«ቀኙን ለቅቄልሃለሁ» አለው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ግራው ግን የእኔ ነው።»