ከድሬዳዋ ጎንደር፣ አርባ ኪሎ ሜትር

ከድሬዳዋ ጎንደር በአየር ስንት ነው ቢሏት ምንታምር ሳታስብ “አርባ” ትላለች። ድሮ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር አሉ። አሁን እጥፋት አለ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን አየር እንደ ነጠላ አጥፎ የሚያቀራርብ መሣሪያ። አውሮፕላኖቹም ከዚያ ወዲህ ለሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚበቃ ባትሪ ብቻ ነው የሚይዙት። ለምን ብለው ይሸከሙ?

የምንታምር ሥራ ድሬዳዋ ተቀምጣ የእጥፋቱን አንድ ጫፍ መያዝ ነው። የጎንደሩን ጫፍ የሚይዙት ሙያውን ያስተማሯት ጋሽ ይርዳው ናቸው። አውሮፕላኑ መሃል እስኪደርስ ሁለቱም እጀታቸውን በስሱ ይይዛሉ። ከዚያ አንዱ ይለቅና ሌላው አጥብቆ ይጫናል። ሁለቱም ከተጫኑ እጥፋቱ ይቀደዳል፣ ሁለቱም ከለቀቁ ይዘረጋል። ማን ይጫን የሚለውን መሐንዲሶቹ ለሁለቱ መግባባት ትተውታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ልጇ ኤልዳና ጎንደር ያለውን አባቷን ልታይ ተሳፍራ ነበር። አውሮፕላኑ ከወሎ ተራሮች በላይ ሲደርስ በመሣሪያዋ ላይ አርባ የነበረው ቁጥር አርባ ሰባት ሆነ።

“ጋሽ ይርዳው፣ እየሰፋ ነው!” አለች በስልክ መስመሩ።

“አይቼዋለሁ። ተጫኚው ልጄ።”

“እርስዎ እያሉማ አይሆንም! እርስዎ ይጫኑት።”

“ኧረ በሞቴ! ልጅሽ ናት አውሮፕላኑ ላይ ያለችው፣ አንቺ ተጫኚ።”

ስድሳ ሦስት። ምንታምር ልትጫን ስትል እጥፋቱ ሊቀደድ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ቀይ መብራት በራ፤ እሳቸውም እየተጫኑ ነው። ደንግጣ ለቀቀች፤ እሳቸውም ለቀቁ። በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት ጨዋዎች ሆኑ። ሰባ አንድ። ፈራች። ባትሪው ቢያልቅ የልጇ ፊት ምን እንደሚመስል አሰበች።

“እጅህን አንሳ! አንሳ ብዬሃለሁ!”

በሕይወቷ አንተ ብላቸው አታውቅም። ጋሽ ይርዳው እጃቸውን አነሱ። እሷ በሁለት እጇ ተጫነች። ቁጥሩ ሰባ ስምንት ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ።

“እማ፣ ደረስን” አለች ኤልዳና ደውላ። “ዛሬ ግን መንገዱ ረዘመብኝ።”

ምንታምር አልቅሳ ስትጨርስ የመሣሪያውን መዝገብ ከፈተች። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እጥፋቱ መዘርጋት የጀመረው መሃል ላይ እሷና ጋሽ ይርዳው አንዱ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተው እኩል ሲለቁ ነው። ወደ ኋላ አየች። ትናንትም እንዲሁ ነበር፣ አምናም። አንዳንድ ሰከንድ ብቻ እየሆነ ሳያዩት አልፏል።

“ጋሼ፣ ስለደፈርኩዎት ይቅር ይበሉኝ።”

“ምን በወጣሽ! ከእንግዲህ ሁልጊዜ አንቺ ትጫኛለሽ፣ እኔ እለቃለሁ። ተስማማን?”

“ተስማማን።”

የቀትሩ በረራ ሃምሳ ሁለት ሰው ይዞ ተነሣ። መሃል ሲደርስ ጋሽ ይርዳው እንደ ቃላቸው ለቀቁ። በመስመሩ የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማታል። ጠዋት እንደጮኸችባቸው ትዝ አላትና ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ዝቅ ብላ ስታይ፣ እጇ ከእጀታው ላይ በራሱ እየተነሣ ነበር።