አራት ቀን በማልታ

«ቦዳ አልጠራሁም!» አለች ትህትና በእንግሊዝኛ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሄልሜቱን አላወለቀም፤ ማስኩም እስከ ዓይኑ ሥር ደርሷል።

«እኔም ልወስድሽ አልመጣሁም» አላት፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ያኔ ቀና አለች። ከፊቱ የሚታየው ሁለት ዓይን ብቻ ነው... ሁለቱም ይስቃሉ። ትህትና ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ማስክ ማድረጓን አመሰገነች።

«ይቅርታ... ሄልሜቱን ሳይ የሞተር ታክሲ ነጂ መስለውኝ ነው።»

«ምንም አይደል። ኃይለመስቀል እባላለሁ። ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ እሸጣለሁ። የመጣሁት ለማልታ ጉዳይ ነው።»

«የት?»

«ማልታ። ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያለችው ደሴት። አራት ቀን ነው። ቲኬቱንና ሆቴሉን ራሴ እጨርሳለሁ። ካንቺ የምፈልገው፣ ጠዋት የት፣ ከሰዓት የት የሚል ፕሮግራም ነው። ለቪዛውም ይጠይቁኛል።»

«ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«እሱን ተዪው» አለ። ዓይኖቹ መሳቅ አቆሙ።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢት ላይ፣ ካምፓላ ውስጥ ነው። ትህትና ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ሙንዮንዮ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ ሰው ሲያጣ መጀመሪያ ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። አሁን ካባላጋላ፣ በወይዘሮ ሙህሲና ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ለሰው የሽርሽር ፕሮግራም ታወጣለች። የዛንዚባር ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የትኛው ደሴት ላይ ምን እንደሚበላ በቃሏ ታውቃለች፤ አንዱንም በዓይኗ አላየችም። ይሄ ያንገበግባታል።

ሳምንት ሙሉ ለፍታ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሠራች። የዋና ከተማዋን የቫሌታን የድሮ መንገዶች አስገባች፤ በግንብ የታጠረችውን ጥንታዊ ከተማ አስገባች። ኃይለመስቀል ቆሞ አነበበው።

«ደረጃ አይሆንም» አለ።

«ምን ማለት ነው ደረጃ አይሆንም? ቫሌታ እኮ ከላይ እስከ ታች ደረጃ ናት!»

«እንግዲያው ቫሌታ ይቅር።»

«ማልታ ሄዶ ቫሌታን ሳያይ የሚመለስ ሰው የለም!»

«አንድ ይኖራል።»

ሁለተኛውን ሠራች። ደረጃ የለበትም። በጀልባ ወደ ጎረቤት ደሴት ተሻግሮ፣ ውኃው እንደ መስተዋት የጠራበት ዳርቻ መዋል ነው። እሱንም መለሰው።

«ጀልባ አይሆንም። ምንም ዓይነት ጀልባ።»

በሦስተኛው ደግሞ «ጠዋቱ ባዶ ይሁን። እስከ ስምንት ሰዓት ምንም አታስገቢ» አላት።

ትህትና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አቶ ኃይለመስቀል! ደረጃ የለም፣ ጀልባ የለም፣ ጠዋት የለም። ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የሚሄዱት?»

ትንሽ አሰበ። «ለመቀመጥ» አላት።

በማግስቱ ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ ትኩስ እንቁላል በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይዞ መጣ። ለሁለት ሰው ነው።

«ስላናደድኩሽ» አለ።

እንቁላሉ ከቻፓቲው እየወጣ ጠረጴዛዋን አበላሸው። እየሳቁ በሉ። «እርስዎ» ማለቷ የቀረው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ለማስተካከል እንኳ ከኪኩቦ ድረስ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ሲወጣ ወይዘሮ ሙህሲና ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ይሄ ሰውዬ ማልታ ነው የሚሄደው ወይስ እዚህ ነው የሚመጣው?»

ትህትና ሳቋን በማስኳ ደብቃ ወደ ማልታ ፕሮግራሟ ተመለሰች። 

ሰኔ ላይ አገሩ በኮሮና ምክንያት እንደገና ተዘጋ። ቢሮው ተዘጋ፣ መኪና ቆመ። ኃይለመስቀል ከናሙዎንጎ በእግሩ እየመጣ፣ ኪሱጉ ካለው ግቢዋ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የምሽት አንድ ሰዓቱ ሰዓት እላፊ እስኪቃረብ ድረስ ስለ ሦስተኛው ቀን ይከራከራሉ።

«ዓሣ ገበያው እሑድ ብቻ ነው ያለው፤ የአንተ ሦስተኛ ቀን ሐሙስ ነው!»

«እሑድን ወደ ሐሙስ አምጪልኛ!»

«እግዚአብሔር መሰልኩህ?»

አንድ ቀን ስለ ደሴቱ ስታነብ ያገኘችውን ልትነግረው ቸኮለች።

«ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት፣ እባብ ነድፎት ምንም ሳይሆን የቀረው... መላጥያ የምትባለው አገር፣ እሷ እኮ ማልታ ናት! በስሙ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

ኃይለመስቀል ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ በሩ ቀረበ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እሱን አስገቢው። የመጀመሪያው ቀን ይሁን።»

«ያለው ግን ቫሌታ ነው።»

«ይሁን። ታክሲ እስከ በሩ ይደርስ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ትህትና ያን ቀን ወደ ቤት ስትገባ እንደምትወደው ለራሷ አመነች። ነገ እነግረዋለሁ አለች።

ነገ ግን ሌላ ሆነ። ኃይለመስቀል ከበሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራል። መምጣቷን አላየም።

«ሄቨንዬ... የኔ ቆንጆ፣ አታልቅሺ በቃ። ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ ጥቂት ወር ያቅትሻል? መጣሁልሽ እኮ!»

ትህትና በሩን እንደያዘች ቀረች። ከማን ጋር እንደሚሄድ ያልነገራት ለዚህ ነው። ጠዋቱ ባዶ ይሁን ያለው ለዚህ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ለሌላ ሴት ፀሐይ ስትጠልቅ የምትታይበትን ቦታ ስትመርጥ ኖራለች!

በማግስቱ ሲመጣ አራት ገጽ ወረቀት በበሩ ክፍተት አቀበለችው።

«ይኸው፣ አልቋል። የሚስተካከል ካለ ራስህ አስተካክል።»

«ምን ሆንሽ?»

«ደከመኝ።»

«ትህትና፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም! ምንም አላደረግከኝም! ችግሩም እሱ ነው!»

በሩን ዘጋችው። በማግስቱ መጥቶ አንኳኳ። በሦስተኛውም ቀን አንኳኳ። ከዚያ ተወ።

ቢሮው ተከፈተ፤ ወራት አለፉ። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው በሩ ላይ በቆመ ቁጥር ልቧ ዘልሎ ይመለሳል። የሰው ሽርሽር ስታዘጋጅ እጇ ይከብዳታል፤ በትንሹም በትልቁም ትቆጣለች። በእሱ ትናደዳለች። ከእሱ ይልቅ ግን በራሷ ትናደዳለች፤ አንድ ጥያቄ ጠይቃ መገላገል ስትችል፣ በር መዝጋት ቀለላት።

በ2022 ሚያዝያ፣ አንድ ማለዳ ኃይለመስቀል መጣ። ከስቷል። እጁ ላይ ፖስታ ይዟል።

«ቪዛውን ከለከሉኝ» አለ። «ትመለሳለህ ብለን አላመንንም ነው የሚሉት።»

ስንት ቀን ይህን ተመኝታለች። አሁን ሲሆን ግን ደስታው ጠፋባት።

«አዝናለሁ... ታዲያ እሷ አትመጣም?»

«ማን?»

«ሄቨን።»

«ሄቨን መውጣት ብትችል ኖሮ ይሄ ሁሉ መከራ...» ብሎ ድንገት ቆመ። «ሄቨንን እንዴት አወቅሻት?»

«ስልክ ስታወራ ሰማሁ። ፍቅረኛህን...»

«እህቴ ናት!»

ወይዘሮ ሙህሲና ቀስ ብለው ተነሡና፣ ምንም ሳይናገሩ በሩን ዘግተው ወጡ።

ኃይለመስቀል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ከቤተሰቡ ውጭ ለማንም ያልነገረውን ነገራት። ሄቨን ከአዲስ አበባ የወጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጋ ባሕር ገባች። ጀልባው ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ።

«ለቅሶ ተቀመጥን። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ተዝካሯን አወጣን፣ ትህትና! ሁለት ዓመት ሙሉ ሞታለች ብለን ኖርን። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ‹እማዬ› አለች።»

ሄቨንን ከባሕር አውጥተው ያሳረፏት ማልታ ነው። የጥገኝነት ጉዳይዋ እስካሁን አልተቋጨም፤ ከደሴቱ መውጣት አትችልም። ጠዋት ጠዋት ሆቴል ታጸዳለች፤ ከሥራ የምትወጣው በስምንት ሰዓት ነው። ጀልባ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። እናታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም።

«እናቴን ይዤላት ልሄድ ነበር። ልጇን ካየች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለእሷ አዲስ አበባ ላይ ቪዛው ወጣላት... ለእኔ እዚህ ተከለከለ።»

ትህትና እንባዋም ንዴቷም አንድ ላይ መጡባት።

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን?»

«ያን ለቅሶ ካየሁ ወዲህ ያላለቀ ነገር ከአፌ አይወጣም። ለእናቴ ራሷ የነገርኳት ለቪዛው አሻራ የምትሰጥበት ሳምንት ነው።»

«አንተ ዝም ስትል ሰው የራሱን ታሪክ ይሠራል እኮ! ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?»

«እኔስ? ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ በር ዘጋሽብኝ!» ድምፁ ተሰበረ። «ሰለቸኋት ብዬ ነው የቀረሁት።»

 ከዚያ ትህትና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ባዶ ወረቀት ሳበች።

«እናትህ ለብቻቸው ይሄዳሉ።»

«እንግሊዝኛ አታውቅም። ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን መቀየር አለባት!»

«አማርኛ ያነባሉ አይደል? ተቀመጥ።»

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ትህትና እያንዳንዱን ነገር አጠገባቸው ቆማ እንደምታወራቸው አድርጋ ጻፈችው፦ «እማማ፣ ሰው ሁሉ ሲነሣ አብረው አይነሡ፤ ተረጋግተው በመጨረሻ ይውረዱ። ከዚያ ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ሠራተኛ ሲያዩ ቁጥር ሁለት ያለውን ካርድ ያሳዩዋት።» ካርዶቹ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ማልታ አውሮፕላን ውሰዱኝ» የሚል ነገር አለ። አራቱንም ቀን ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ብቻ አድርጋ እንደገና ሠራቻቸው።

ሰኔ ላይ ወይዘሮ ውድነሽ ከአዲስ አበባ ተሳፈሩ። ያን ቀን ትህትናና ኃይለመስቀል ኪኩቦ፣ ሱቁ ውስጥ የብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ስልኩን ይዘው ዋሉ። ኢስታንቡል የሚደርሱበት ሰዓት አለፈ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የማልታው አውሮፕላን የሚነሣበትም አለፈ። አሁንም ዝግ ነው። ውጭ ተሸካሚዎች እየጮኹ ጥቅል ያወርዳሉ፤ ኃይለመስቀል ገዢ ሲመጣ እንኳ ቀና አይልም።

«ብቻቸውን ይችላሉ ያልሽው አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ይችላሉ!» አለችው። እጇ ግን የጥቅሉን ገመድ ይፈታ ያስር ነበር። አየውና ያዘው። አልለቀቀውም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሄቨን በቪዲዮ ደወለች። ፊቷን ግን አላዩትም። ስልኩ ከእጇ ወድቆ የኤርፖርቱን ጣሪያ ብቻ ያሳያል። ከሥር የሁለት ሴቶች ልቅሶ ይሰማል... አንዷ «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች፤ አንዷ ስም መጥራት አቅቷታል። ወይዘሮ ውድነሽ ለካ አውሮፕላን ውስጥ ስልክ ዝጉ ስለተባሉ ዘግተው፣ ክፈቱ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ትህትና በማግስቱ በጉጉት ደወለች።

«እማማ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አያችሁት?»

«አይ፣ ዛሬ አልሄድንም።»

በሁለተኛው ቀን የትም አልሄዱም። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ትህትና ትዕግሥቷ አለቀ። ኪኩቦ፣ ሱቁ ውስጥ ኃይለመስቀል ስልኩን ይዞላት ነበር።

«እማማ፣ አንድ ቦታ እንኳ? ያን ሁሉ ወር የለፋሁበት! ጳውሎስ ከባሕር የወጣበትን እንኳ?»

ወይዘሮ ውድነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ወረቀትሽ ባይኖር መንገድ ላይ ቀርቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ሄቨን ከሥራ ስትመጣ ጭኔ ላይ ራሷን ታደርግና ትተኛለች። ቀስቅሼያት የት ልሂድ? ከባሕር የወጣውን ካልሽ... ይኸው ጭኔ ላይ ተኝቷል።»

ትህትና ልትናደድ ፈልጋ አቃታት። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ።

«ለመሆኑ» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ፣ «አንቺ ለልጄ ምኑ ነሽ?»

ኃይለመስቀል ስልኩን አየ፣ ትህትናን አየ። ግንባሩን አላበው።

«እማዬ... ይሄኛው ገና ያላለቀ ነገር ነው። ግን ልናገረው። ላገባት እፈልጋለሁ።»

«ማንን ጠይቀህ?» አለች ትህትና።

«አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።»

«እናትህ ፊት!»

«እናቴ ፊት።»

ከስልኩ ውስጥ እንቅልፍ የተጫነው የሄቨን ድምፅ መጣ፦ «እማዬ፣ ምን አለች? እሺ አለች?»

«እሺ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች ትህትና፤ የሱቁ ተሸካሚዎች ሁሉ ዞረው አዩዋት።

ጥቅምት ላይ ካምፓላ ውስጥ ተጋቡ። ወይዘሮ ውድነሽ መጡ፤ ሄቨን መምጣት አልቻለችም፤ ጉዳይዋ አሁንም አልተቋጨም። እሑድ ነበር፣ ሥራ የላትም። ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩ ውስጥ ሆና፣ ሙሽራዋ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷት ዋለች።