የሚዘል ቀይ፣ የሚስቅ ቢጫ

ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በእነ ሲሃም ቤት፣ ሁሉም ሽር ጉድ ይላል። የሲሃም እናት ወንድ ልጅ ወልዳለች! አዲሱን ሕፃን ይዛ ዛሬ ከሆስፒታል ትመጣለች።

የአምስት ዓመቷ ሲሃም አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። «ለወንድሜ ስዕል እስልለታለሁ!» አለች።

ወረቀቷን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ አረጋሽ ቤት በረረች። እትዬ አረጋሽ ሰዓሊ ናቸው። ድሪያ ቀሚሳቸው ቀለም፣ ጣታቸው ቀለም፣ አፍንጫቸው እንኳ ቀለም!

ትልቅ ሸራ ፊት ቆመው ይስላሉ። ብሩሻቸው «ሿ! ጧ! ጠብ!» ይላል።

ሲሃም ሸራውን አየች። ቀይ አለ። ቢጫ አለ። ሰማያዊም አለ። ግን ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሰውም የለም!

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልቤ ነው፣ ሲዘል!» አሉ እትዬ አረጋሽ። «አንቺን ሳክል አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ባቡሩ ‹ዱግ ዱግ ዱግ... ቱ...ት!› እያለ ሲመጣ ልቤ ይዘል ነበር። ያንን ዝላይ መሳል አማረኝ።»

«ከዚያስ?»

«ባቡሩን ሳልኩት። መስኮት አለው፣ ጭስ አለው። ግን አይዘልም! ደግሜ ሳልኩ!»

«ከዚያስ?»

«አሁንም አልዘለለም። ደግሜ ሳልኩ! በመጨረሻ ባቡሩን ተውኩትና ቀዩን ቀለም ጧ! አደረግኩት። ልቤ ዘለለ!»

«ከዚያስ?»

«አስተማሪያችን ‹ባቡሩ የታለ?› አሉኝ። ልጆቹ ‹ቂ! ቂ! ቂ!› ብለው ሳቁብኝ። አለቀስኩ።»

ሲሃም ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚ...ያስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እንባዬን ጠረግኩና ደግሜ ሳልኩ! ካደግኩ በኋላም ነፋስን ሳልኩ፣ ዘፈንን ሳልኩ፣ የእናቴን ሳቅ ሳልኩ።»

«ሳቅ ይሳላል እንዴ?»

«እንዴታ! የእናቴ ሳቅ ቢጫ ነበር።»

ሲሃም ቶሎ ብላ ብሩሽ አነሳች። ሕፃን ሳለች። ድንች መሰለ! ደግማ ሳለች። አሁንም ድንች! ጆሮ ያለው ድንች!

«እትዬ፣ እምቢ አለኝ!»

«ሕፃኑን እኮ ገና አላየሽውም» አሉ እትዬ አረጋሽ። «ልብሽ ግን አሁን ምን ይላል?»

ሲሃም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ድው! ድው! ድው!

አዲስ ወረቀት ላይ ቀዩን ጧ! አደረገችው። አረንጓዴውን ሿ! ብላ አሽከረከረችው። ቢጫውን ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ከውጭ «ጲጵ! ጲጵ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባጃጅ ነው!

«ኡሚ መጣች!» ሲሃም ያልደረቀውን ስዕሏን ይዛ ሮጠች።

ከባጃጁ ቀድሞ የወረደው አባቷ ስዕሉን አየው። ዘወር አድርጎም አየው። «ሲሃም፣ ሕፃኑ የታለ?» አላት።

ሲሃም አንገቷን ደፋች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እናቷ ግን ከባጃጁ ወርዳ ስዕሉን አየች፣ አየች፣ አየችና ፊቷ በራ። «ሲሃሜ! ይህን ያህል ደስ ብሎሽ ነው የጠበቅሽን?»

«አዎ ኡሚ! አዎ! አዎ!»

እናቷ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን አሳየቻት። ሕፃኑ ትንሽዬ አፉን ከፍቶ «አ...ው!» ብሎ አዛጋ።

ሲሃም ጉንጩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ጉንጩ ላይ ቢጫ ነጥብ ቀረ! እናቷ ሳቀች፣ አባቷም ሳቀ። ሕፃኑ ግን ለጥ ብሎ ተኛ።

«እንኳን መጣህ» አለችው ሲሃም በጆሮው፣ እንዳይነቃባት ቀስ ብላ።